አባትነትን በሕግ ማረጋገጥ፦ ከጋብቻ ውጭ ለተወለደ ልጅ፣ ከወረዳ እስከ ችሎት

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36(4) ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ ወረዳም ሆነ ችሎት ፊት የሚያስቸግረው ጥያቄ «ወላጆቹ ተጋብተው ነበር?» የሚለው አይደለም፤ «አባቱ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ቀለቡን አስቀድሞ አባትነቱን ያስከትላል፣ በሽማግሌ ወረቀት ተማምኖ ይቀመጣል፣ ወይም አባትየው ሞቶ ለቅሶ ቤት ክርክር እስኪነሳ ይጠብቃል።

ይህ መመሪያ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ነው። እዚህ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ብዙ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ከክልል የመጣ ዘመድ የሚነግርዎትን የአንቀጽ ቁጥር እንዳለ ወስደው ክስ ላይ አይጻፉ። ከዚህ በታች «ቁጥር» ብቻ ተብሎ የተጠቀሰው ሁሉ የዚሁ አዋጅ ነው፤ ዓመቶቹም በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መንገድዎን ይለዩ

ወረቀት ከመሰብሰብዎ በፊት ከሚከተሉት የትኛው እንደሚመለከትዎት ይወስኑ።

ሀ. እናትየው በፅንሱ ወይም በልደቱ ጊዜ የሌላ ሰው ሚስት ነበረች። እዚህ ላይ ይቁሙ። ሕጉ አባት አድርጎ የሚወስደው ባልየውን ነው (ቁጥር 126)። ይህ በፍርድ ቤት ክህደት (ልጁ የባልየው አይደለም ተብሎ) ካልፈረሰ ሌላ ሰው «ልጄ ነው» ብሎ ቢፈርም ዋጋ የለውም። ወረዳ ከመሄድዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።

ለ. ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ይኖሩ ነበር። በዚህ ኑሮ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ አብሯት የኖረው ሰው ነው (ቁጥር 130)። ማስረዳት ያለብዎት አብሮ መኖሩን ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ የእድር ደብተር፣ ጎረቤት በቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙዎች ይህን መንገድ እያላቸው ከባዱን ይመርጣሉ።

ሐ. አብረው አልኖሩም፤ አባትየው ግን ፈቃደኛ ነው። ደረጃ 2 እና 3 ይበቃዎታል።

መ. አባትየው ክዷል። ከደረጃ 2 በኋላ ወደ ደረጃ 4 ይለፉ።

ሠ. አባትየው ሞቷል። ደረጃ 2ን እና 4ን ካነበቡ በኋላ ደረጃ 8ን ይከተሉ።

ደረጃ 2፦ ልጁን በ90 ቀን ውስጥ ያስመዝግቡ

አባት ቀረበም አልቀረበም ምዝገባው አይቆይም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የልደት ማስመዝገቢያው ጊዜ 90 ቀን ነው። ካለፈ በኋላም ይመዘገባል፤ ነገር ግን ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቃሉ፣ ምልልሱም ይበዛል።

1. ከሆስፒታል ሳይወጡ የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ይቀበሉ። ጋንዲም ይውለዱ ዘውዲቱ ወይም ጤና ጣቢያ፣ ወረቀቱን እዚያው ቆመው ያንብቡ። የእናት ስም እስከ አያት ከመታወቂያው ጋር በፊደል ደረጃ አንድ መሆን አለበት። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለእርስዎ አንድ ናቸው፤ ለመዝጋቢው ሁለት ሰዎች ናቸው።

2. የሚያስመዘግቡት በሚኖሩበት ወረዳ ነው። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነሥተው መሸኛዎን ገና ካላዘዋወሩ፣ መጀመሪያ መሸኛውን ይጨርሱ። አለበለዚያ አሮጌው ወረዳ «ሄደዋል»፣ አዲሱ ደግሞ «አልመጡም» ይልዎታል።

3. የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የክትባት ካርድ እና ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ኮፒ ይያዙ።

4. አባት ካልቀረበ «በእናት ብቻ ይመዝገብልኝ» ይበሉ። እናትነት የሚረጋገጠው በመውለድ ብቻ ስለሆነ (ቁጥር 124) ሌላ ሁኔታ አይጨመርበትም።

ከተበላሸ፦ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «አባቱን ካላመጣሽ አይሆንም» ቢል አይከራከሩ። የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ይጠይቁ፣ ጥያቄዎን በማመልከቻ ጽፈው ገቢ ያስደርጉ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሰጥዎት። ብዙ ጊዜ «በጽሑፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ነገሩን ያቀላል።

ተጠንቀቁ፦ ነገሩ እንዲያልቅ ብለው ወንድምዎን ወይም አጎትዎን «አባት ነኝ» አያስብሉ። ሐሰተኛ ማስረጃ መስጠት ወንጀል ነው፤ ኋላ እውነተኛውን አባት ሲከሱም መጀመሪያ የሚመዘዝብዎት ይህ መዝገብ ነው። አባትየው ራሱ ቀርቦ ባላረጋገጠበት መዝገብ ላይ ስሙን በማስጻፍም አይተማመኑ። ሲክድ የሚነሣው ጥያቄ «ማን አስመዘገበው?» ነው።

ደረጃ 3፦ ፈቃደኛ አባት፣ ቃሉን በትክክለኛው ቦታ ያስፍር

የአባትነት መቀበያ ቃል ዋጋ የሚኖረው በጽሑፍ ሆኖ ለክብር መዝገብ ሹም (ልደትን ለሚመዘግበው ሹም) ሲሰጥ፣ በኑዛዜ ሲሰፍር፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ ሲደረግ ነው (ቁጥር 132)። በአዲስ አበባ ይህን ማረጋገጫ የሚሰጠው ሁላችንም «ውልና ማስረጃ» የምንለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። አጭሩ መንገድ ግን አባትና እናት አብረው ወረዳው ሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መቅረብ ነው።

ሰነዱን በውልና ማስረጃ የሚያደርጉ ከሆነ ጽሑፉ አጭርና ቀጥተኛ ይሁን፦ «በ__ ቀን __ ዓ.ም ከወ/ሮ __ የተወለደው ሕፃን __ ልጄ መሆኑን አውቄ አባትነቴን ተቀብያለሁ።» ከሥሩ የእናት ቃል ይከተላል፦ «ከላይ የተሰጠው ቃል እውነት መሆኑን ተቀብያለሁ።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አይዝለሉ። እናት ያልተቀበለችው የአባትነት ቃል አይጸናም (ቁጥር 135)። እናት ከሞተች ከእናት ወገን ያሉ ወላጆች ሊቀበሉ ይችላሉ።

ልጁ ገና በማኅፀን እያለም ቃሉ ሊሰጥ ይችላል። አባትየው ወደ ውጭ ሊሄድ ከሆነ ይህን ዕድል አያሳልፉ። ከሄደ በኋላ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ ይህንኑ ጉዳይ በስም የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

ለአባት የሚነገር፦ ይህ ቃል ከተሰጠ በኋላ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ተብሎ አይነሣም። ጥርጣሬ ያለው ሰው ከመፈረሙ በፊት ይመርመር።

ከተበላሸ፦ እጅዎ ላይ ያለው በሽማግሌዎች ፊት የተጻፈ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ በቁጥር 132 የሚፈለገው ፎርም ስለጎደለው አባትነትን በራሱ አያቋቁምም። ግን አይጣሉት። አባትየው በእጁ ጽፎት ወይም ፈርሞበት ከሆነ በደረጃ 4 ላይ ጥሩ ማስረጃ ነው። «በየወሩ ይህን ያህል እሰጣለሁ» የሚል ብቻ ሆኖ «ልጄ» የሚል ቃል የሌለበት ከሆነ ግን ደካማ ነው። ሸምጋዮች ሰላም ለማውረድ ሲሉ ይህን ቃል ሆን ብለው የሚዘሉበት ጊዜ አለ፤ እናቲቱ ሰላሙን ታገኛለች፣ ልጁ ማስረጃውን ያጣል።

ደረጃ 4፦ አባት ከካደ፣ ማስረጃን በፍሬ ነገር ይሰብስቡ

ፍርድ ቤት አባትነትን የሚወስንባቸው ምክንያቶች በቁጥር 143 ተዘርዝረዋል። ክስዎ ቢያንስ በአንዱ ላይ መቆም አለበት፦

ሀ. በፅንሱ ጊዜ ጠለፋ ወይም አስገድዶ መድፈር ተፈጽሞ ከሆነ፤
ለ. እናትየው በተንኮል፣ በሥልጣን ጫና፣ «አገባሻለሁ» በሚል ተስፋ ወይም በመሰለው ማታለል ተደልላ ከሆነ፤
ሐ. አባት የተባለው ሰው የጻፈው ደብዳቤ ወይም ሰነድ አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳይ ከሆነ፤
መ. በሕግ የታወቀ ግንኙነት ባይኖራቸውም በእርግዝናው ዘመን ሳያቋርጡ ግንኙነት እያደረጉ አብረው ኖረው ከሆነ፤
ሠ. ሰውየው እንደ አባት ሆኖ በልጁ አስተዳደግ፣ እንክብካቤ ወይም ትምህርት ተካፍሎ ከሆነ።

ከእነዚህ አንዱም ባይኖር የደም ምርመራ ወይም ሌላ አስተማማኝ የሕክምና ማስረጃ መንገድ ይከፍታል (ቁጥር 144)።

አሁን ቀኑን ይቁጠሩ። ሕጉ ፅንስን የሚያስበው ከልደቱ በፊት ከ180ኛው እስከ 300ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ልጁ ጥር 10 ቀን 2016 ተወለደ እንበል። 180 ቀን ወደኋላ ሲቆጠር ሐምሌ 16 ቀን 2015፣ 300 ቀን ወደኋላ ሲቆጠር መጋቢት 16 ቀን 2015 ይሆናል። ጳጉሜን መቁጠር አይርሱ፤ 2015 ላይ 6 ቀን ነበረች። የእርስዎ ወሳኝ ጊዜ እነዚህ አራት ወራት ናቸው። ምስክር ሁሉ፣ ወረቀት ሁሉ በዚህ መስኮት ውስጥ ማለፍ አለበት።

ክስ የሚወድቅበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ምስክሩ ቀርቦ «ይዋደዱ ነበር፣ እናውቃቸዋለን» ይላል። መቼ? «አንድ ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።» ይህ ምስክርነት የረባ ነገር የለውም። የሚፈለገው «ከ2015 ፋሲካ ጀምሮ እስከ ክረምቱ ድረስ እኔ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር፣ ማታ ማታ ይገባ ነበር» የሚል ነው። ምስክርዎን ምን እንደሚል አያስጠኑት፤ ያየውን በበዓል፣ በጾም፣ በትምህርት ቤት መክፈቻ እያሰበ ጊዜውን እንዲያስታውስ ግን ይጠይቁት። ሦስት ሰው ይበቃል፤ አከራይ፣ ጎረቤት እና ከእርስዎ ጋር የሥጋ ዝምድና የሌለው ሰው ቢሆኑ ይመረጣል።

ወረቀት ነክ ማስረጃዎችን እንዲህ ያዘጋጁ፦

የስልክ መልእክት፦ የቴሌግራምም ይሁን የአጭር መልእክት፣ ቀኑና ስልክ ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሥተው ያትሙ። ስልኩን ግን አይሽጡ፣ መልእክቱንም አያጥፉ። ካደ ሲባል ዋናው ይጠየቃል።

የገንዘብ ዝውውር፦ የባንክ ወይም የቴሌብር ዝርዝሩን ከተቋሙ ማኅተም ጋር ያውጡ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ «ለልጄ ወተት» ወይም «የትምህርት ቤት» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ያቺ አንዲት መስመር ከአምስት ምስክር ትበልጣለች።

የሆስፒታል ካርድ፣ የትምህርት ቤት ቅጽ፦ እንደ አባት የፈረመበት ቦታ ካለ ኮፒውን ይጠይቁ። ተቋሙ አልሰጥም ካለ በክሱ ላይ «በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብልኝ» ብለው ይዘርዝሩት።

የክርስትና ወይም የልደት ፎቶ፦ ይያዙ፤ ብቻውን ግን አይቁም።

ደረጃ 5፦ ክሱን ያቅርቡ

የአባትነት ክስ የሚቀርበው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ለመሀል ከተማው ነዋሪ ልደታ፣ አራዳ እና ቂርቆስ ምድቦች ቅርብ ናቸው። ወደ ከተማ አስተዳደሩ ፍርድ ቤት ይዘውት ቢሄዱ ሥልጣን የለንም ተብሎ ይመለሳል።

1. ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ክስ ያቅርቡ፦ «ተከሳሽ የሕፃኑ አባት ነው ተብሎ ይወሰንልኝ፤ ከተወሰነም በኋላ ቀለብ ይቆረጥልኝ።» ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ። አባትነቱ ሳይታወቅ «ቀለብ» ብቻ ብሎ የሄደ ክስ ተከሳሹ «አባቱ አይደለሁም» ባለ ቀን ይቆማል።

2. ከሳሽ ሕፃኑ ነው፤ እናት የምትቀርበው ስለ ሕፃኑ ሆና ነው። ልጁ 18 ዓመት ከሞላው ራሱ ይከሳል።

3. በክሱ ላይ የቁጥር 143ን ንዑስ ክፍል በስም ይጥቀሱ፤ የቀን መስኮቱንም ይጻፉ። የማስረጃ ዝርዝር በተለየ ገጽ ያያይዙ፤ የምስክሮችን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ ምን እንደሚያስረዱም ጭምር። መጨረሻ ላይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት «እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብለው ይፈርሙ። ይህች መስመር ስለቀረች ብቻ ክስ ተቀባዩ ሬጅስትራር የሚመልሰው ክስ ትንሽ አይደለም።

4. የቀለቡን መጠን በአንድ ቁጥር ይጠይቁ፤ «ፍርድ ቤቱ ያመነበት» ብለው አይተዉት። ኪራይ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ ትምህርት ቤት እያሉ ይዘርዝሩ፤ ደረሰኝ ያያይዙ። የተከሳሹን ደሞዝ መሥሪያ ቤቱ እንዲገልጽ፣ ነጋዴ ከሆነም የገቢ ግብር ማስረጃው እንዲቀርብ በትእዛዝ ይጠይቁ።

5. የዳኝነት መክፈያ ከሌለዎት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ይጠይቁ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላት ሴት የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

መጥሪያው ሲበላሽ፦ ክስ ከሚጓተትባቸው ምክንያቶች አንዱ የመጥሪያ አለመድረስ ነው። «መርካቶ አካባቢ» አድራሻ አይደለም። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የሥራ ቦታ ይጻፉ። ተከሳሹ አልቀበልም ካለ ይህንኑ የሚያስረዳ ማረጋገጫ ይዘው ይቅረቡ። ከጠፋ በጋዜጣ እንዲጠራ ይጠይቁ። መጥሪያ ደርሶት ከቀረ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል።

እርስዎ ግን አይቅሩ። ተከሳሹ ቀርቦ ክሱን ሲክድ ከሳሽ ከሌለ መዝገቡ ይሰረዛል፤ ለማስነሣት ያለዎት አንድ ወር ነው፣ በቂ ምክንያትም ይጠየቃሉ።

ፍርድ ቤቱ ወደ አስማሚ ቢመራችሁ በቀለቡ መጠን መስማማት ጥሩ ነው። አንድ ጊዜ ገንዘብ ተቀብለው «አባት አይደለም» የሚል ወረቀት ላይ ግን አይፈርሙ። ልጅነት የልጁ መብት ነው፤ እናት አትሸጠውም።

ደረጃ 6፦ የዲኤንኤ ምርመራ

በራስዎ ወጪ አስቀድመው አያስመርምሩ። ናሙናው የማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ስለሌለ ውጤቱ በክርክር ይወድቃል። በክሱ ላይ ይጠይቁ፤ ፍርድ ቤቱ ሲያዝዝ ሦስታችሁም (እናት፣ ልጅ፣ ተከሳሽ) መታወቂያ ይዛችሁ በደብዳቤው ወደተጠቀሰው ተቋም በቀጠሮው ቀን ትቀርባላችሁ።

ተከሳሹ ከቀረ በሚቀጥለው ችሎት «አለመቅረቡ በመዝገብ ይያዝልኝ» ይበሉ። ምስክሮችዎንም «ምርመራው ይበቃል» ብለው አይሰርዙ። ምርመራው ከዘገየ ወይም ከተስተጓጎለ ክሱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። የተለመደው መከላከያ «በዚያ ጊዜ ከሌላ ሰውም ጋር ነበረች» የሚል ነው። ስለ እርስዎ የሚነገረውን ሰምተው በንዴት አይመልሱ፤ መልሱ ያ አራት ወር ነው፤ ምስክሮቹም ምርመራውም ወደዚያው ይመለሱ።

ደረጃ 7፦ ከፍርዱ በኋላ

ፍርዱን ተቀብለው ቤት መግባት የተለመደ ስሕተት ነው። የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ያውጡና ወደ ወረዳው ይውሰዱ፤ የአባት ስም በልደት መዝገቡ ላይ ይመዝገብ፣ አዲስ የምስክር ወረቀትም ይውሰዱ። ይግባኝ የማቅረቢያ ጊዜው 60 ቀን ስለሆነ መጠበቅ የሚያስፈልግ እንደሆነ ወረዳውን ይጠይቁ።

ቀለቡ በፈቃደኝነት ካልተከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ይክፈቱ። አባትየው በግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ ከደሞዙ ተቆርጦ እንዲገባ ይጠይቁ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ከሲሶ አይበልጥም። ውዝፍ አያከማቹ፦ ሳይጠየቅ ሦስት ወር ያለፈው የቀለብ ውዝፍ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረዳ ይቀራል። ኑሮ ሲወደድ ወይም ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ መጠኑ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል።

አባትነት ሲረጋገጥ የአባትም መብት አብሮ ይመጣል። ልጁን የመጎብኘት፣ በአስተዳደጉ ላይ ሐሳብ የመስጠት ጥያቄ ያነሣል። ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር አብሮ እንዲወሰን ካልጠየቁ ቀጣዩ ክርክር ይኸው ነው።

ደረጃ 8፦ አባት ከሞተ

የወራሽነት ማስረጃ የሚጠየቀው ከአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት ነው። የአባት ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ከሌለ ሰውየው ልጁን እንደ ልጁ ያይ እንደነበር፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያው ያውቁት እንደነበር በምስክር ይረጋገጣል (ቁጥር 155 እና 156)። ሌሎቹ ወራሾች «የወንድማችን ልጅ አይደለም» ብለው ከተቃወሙ የአባትነቱ ክርክር ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ደረጃ 4 ላይ የሰበሰቡት ሁሉ እዚያ ይጠቅማል።

ክርክሩ እስኪያልቅ ቤቱ ወይም መኪናው እንዳይሸጥ ወዲያውኑ እግድ ይጠይቁ። ንብረቱ ሦስተኛ ሰው ዘንድ ከደረሰ ማስመለሱ ሌላ ክስ ነው።

ክፍፍሉ እንዲህ ነው። ሟች ሚስት ካለው መጀመሪያ ከጋራ ንብረቱ ግማሿን ትወስዳለች፤ ይህ ውርስ አይደለም፣ የራሷ ነው። የሟች ድርሻ ለልጆቹ ሁሉ እኩል ይከፈላል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 ልጆች ቀዳሚ ወራሾች ስለሆኑ የሟች ወንድምና እኅት አይገቡበትም። ኑዛዜ ካለ ያንብቡት፦ ስሙን ዝም ብሎ መዝለል ልጅን ከውርስ አይነቅልም፤ መንቀል በግልጽና በምክንያት መሆን አለበት። ሟች የኖረበት የቀበሌ ቤት ከሆነ ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ እንደ ውርስ አይከፋፈልም፤ በውስጡ ያለው ዕቃ ግን ይከፋፈላል።

ውርሱን ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ ጊዜውን ይቁጠሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 የወራሽነት መብትዎንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ይሰጥዎታል። ያወቁበትን ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ ያክብቡ፤ የእግድ ማመልከቻውንም በዚያው ሳምንት ያስገቡ።